አሮጌ ሴሊካ በደሴ፦ ከግዢው እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

ደሴ ላይ ስፖርት መኪና መያዝ ለብዙ ሰው ቀልድ ነው። ዳገቱ አለ፣ ኮብልስቶኑ አለ፣ ባጃጁ አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም አለ። «ለዚህ ከተማ ፒክአፕ እንጂ ምን ስፖርት መኪና!» ይሏችኋል። እውነታቸውን ነው። ግን መኪና የወደደ ሰው በምክር አይመለስም። ስለዚህ ምክሩን ትተን ሥራውን እናውራ።

የማወራው በተለይ ስለ ቶዮታ ሴሊካ ነው። በፈረንጆቹ ከ1993 መጨረሻ እስከ 1999 የተመረተው፣ ፊቱ ላይ አራት ክብ መብራት ያለው። የመረጥኩት ቦዲው ስፖርት ስለሆነና ከኮፈኑ ሥር ያለው ግን አብዛኛው ኮሮላ፣ ካሪና እና ካምሪ ስለሆነ ነው። የእኛ መካኒክ ደግሞ እነዚህን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታቸዋል። ሌላ ዓይነት አሮጌ ስፖርት መኪና የያዛችሁም ብትሆኑ ስለ ፍሬን፣ ስለ ውሃ እና ስለ ከፍታ የምለው ይሠራላችኋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንያዝ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ፣ የሐረጎ ቁልቁለት ያለበት፣ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩ አየር ያንሰዋል፣ ፍሬኑ ጉልበት ያንሰዋል፣ ውሃው ቶሎ ይፈላል። የአምራቹ መጽሐፍ ላይ ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለማቆሚያው፣ ቀጥሎ ለማቀዝቀዣው አውጡ። ፍጥነት መጨመር የመጨረሻው ነገር ነው። እንዲያውም ባይደረስበትም ግድ የለም።

1. ሞተሩን ሳይሆን ቦዲውን ግዙ

ሰው አሮጌ መኪና ሲያይ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ያዳምጣል። ለኮሮላ ልክ ነው። ለሴሊካ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የደከመ ሞተር ይታደሳል ወይም ይቀየራል። የተሰበረ የፊት መብራት፣ የጠፋ የመስኮት ላስቲክ፣ የተሰነጠቀ የኋላ መስታወት፣ የተቃጠለ ዳሽቦርድ ግን ከኮሮላ ላይ አይወሰድም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሙሉ ቀን ብትዞሩም ላታገኙት ትችላላችሁ።

አዲስ ከውጭ ይገባል ብላችሁም ተስፋ አታድርጉ። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የግል አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያሉት ያሉት ናቸው። ከሁለት መኪኖች አንዱ ቦዲው ንጹሕ ሆኖ ሞተሩ ዘይት ቢጠጣ፣ ሌላው ሞተሩ ልዩ ሆኖ ቦዲው በስቱኮ የተሞላ ቢሆን፣ እኔ የመጀመሪያውን እወስዳለሁ።

ስቱኮውን ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሩን፣ የጎማ ቅስቶቹን እና የኋላ ጎኖቹን አስሱ። ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከሥሩ ቆርቆሮ የለም፣ ወይም በጣም ርቆ ነው ያለው። ከኋላ የተለዋጭ ጎማውን ቦታ ክፈቱ። ውሃ የቆመበት ምልክት ካለ የኋላ መብራቶቹ ወይም የበሩ ላስቲክ ያስገባል። ኮፈኑን ከፍታችሁ ደግሞ ሾክ አብዞርበሮቹ ላይኛው ጫፍ የሚታሰርበትን ቦታ በግራና በቀኝ አወዳድሩ። አንዱ የተጨማደደ ወይም አዲስ ብየዳ ያለበት ከሆነ መኪናው ክፉኛ ተጋጭቷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ድርድር የለም፣ ተመለሱ።

ሻጩ «ይሄ የራሊ መኪና ነው፣ ሳፋሪን ያሸነፈ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ሴሊካ በፈረንጆቹ 1993 በኬንያው ሳፋሪ ራሊ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ጨርሷል። ያ ግን ቱርቦ ያለውና በአራቱም ጎማ የሚነዳው ጂቲ-ፎር ነው። እናንተ ፊት የቆመው በፊት ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው። ለራሊ ዋጋ አትክፈሉ።

2. ወረቀት

አጭር ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ቁጥር በቁጥር ይመሳከር። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት። ዕዳና እግድ እንደሌለው የተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አጣሩ። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን እዩ። ውሉን ውልና ማስረጃ ሳትጨርሱ ሙሉ ክፍያ አትክፈሉ። ሻጩ «አብሽር፣ እኔ አለሁ» ቢላችሁም።

ኮፈኑ ውስጥ ያለችውን የሞዴል ሳህንም አንብቡ። ኤቲ200 የሚል ከሆነ ሞተሩ 1.8 ሊትሩ 7ኤ-ኤፍኢ ነው። ኤስቲ204 ከሆነ 2.2 ሊትሩ 5ኤስ-ኤፍኢ ነው። ኤስቲ202 ከሆነ 2.0 ሊትሩ 3ኤስ ነው፤ ስፖርተኛው 3ኤስ-ጂኢ። ለደሴ ኑሮ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እመርጣለሁ። 3ኤስ-ጂኢ ያስደስታል፣ ግን ዕቃው ይመረጣል፣ ስህተትንም ይቅር አይልም። ለምን እንደሆነ ታይሚንግ ቺንጊያው (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የላስቲክ ቀበቶ) ላይ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

3. ጠዋት ሂዱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

ቀጠሮውን ለጠዋት አድርጉት፤ «አታስነሳው፣ እኔ ስመጣ እናስነሳዋለን» ብላችሁ። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቆ ከሆነ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየተልፈሰፈሰ የሚያስነሳ መኪና፣ ወይም ሲነሳ የሚያጨስ መኪና ከሆነ ሻጩ ቀድሞ ያሞቀዋል።

ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃው የዛገ ቡናማ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተጠርጣሪ ነው። ከዚያ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ደሴ ብርድ ናት፤ መኪናው ከሰኞ ገበያ ፒያሳ እየተመላለሰ ሳይሞቅ የሚውል ከሆነ ክዳኑ ሥር ነጭ አረፋ ይይዛል። እርጥበት እንጂ የጓርኒሲዮን መቃጠል ላይሆን ይችላል። የሚለየው መለኪያ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ዘንጉ ንጹሕ፣ የራዲያተሩም ውሃ ንጹሕ ከሆነ አትደንግጡ።

አሁን አስነሱት፣ አንዳችሁ ከኋላ ቁሙ። ሲነሳ ለአፍታ ሰማያዊ ጭስ ወጥቶ ከጠፋ የቫልቭ ላስቲኮቹ ደርቀዋል፤ ከባድ ወጪ አይደለም። ነዳጅ ሲሰጠው ሁሉ ሰማያዊ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፤ ሞተር መክፈት ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ ሴንሰር ነው። ነጭ ጭስ በደሴ ጠዋት ለማንም መኪና ይወጣል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመና ጣፋጭ ሽታ ካለው ግን ውሃ እየተቃጠለ ነው።

4. ኮምፕሬሽን፦ መጽሐፉ ደሴን አያውቅም

ጥሩ ሞተሮች ያለ ጥፋታቸው የሚኮነኑት እዚህ ላይ ነው። መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም የሲሊንደሩን የጭመቅ ግፊት፣ መለኪያ ያስገባል፣ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ጋር ያስተያያል፣ «አልቋል» ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። የ7ኤ-ኤፍኢ መጽሐፍ ጤነኛ ሲሊንደር 13 ባር አካባቢ፣ ዝቅተኛው ደግሞ 10 ባር ገደማ ነው ይላል። ፒስተኑ የሚጨምቀው ግን ከውጭ የገባለትን አየር ነው። ደሴ ላይ የሚገባው ሩብ ያህል ከጎደለ፣ አዲስ የሆነ ሞተር ራሱ መለኪያው ላይ 9.7 ባር አካባቢ ያሳያል። ማለትም አዲስ ሞተር ደሴ ላይ በመጽሐፉ ሚዛን ይወድቃል! ያው ሞተር ኮምቦልቻ ላይ 10.5 አካባቢ ይሰጣል። ለዚህ ነው የኮምቦልቻና የደሴ ጋራዥ ለአንድ ሞተር ሁለት ፍርድ የሚሰጡት።

ስለዚህ የቁጥሩን ትልቅነት ትታችሁ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ። አራቱም 9.5 አካባቢ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ሦስቱ 9.5 ሆነው አንዱ 7 ከሆነ ችግር አለ። ልዩነቱ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። በለቀቀው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

አለካኩም ሥርዓት አለው። ሞተሩ የሞቀ ይሁን። አራቱም ካንዴላ ይውጡ። የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይያዝ። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው ተረስቶ የተለካ ኮምፕሬሽን ዋጋ የለውም።

ጉልበቱም በዚሁ ሒሳብ ይታሰብ። 175 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈለት 3ኤስ-ጂኢ ደሴ ላይ 130 አካባቢ ነው ያለው። «ሞተሩ ሞቷል» ብላችሁ ለማሻሻያ ገንዘብ ከመበተናችሁ በፊት ይሄን አስታውሱ። አልሞተም፣ አየር አጥሮት ነው።

5. ሐረጎን ወርዶ መውጣት

መሞከሪያ ጉዞ ማለት ፒያሳን አንድ ዙር መዞር አይደለም። ሻጩን ይዛችሁ ሐረጎን ውረዱ፣ ኮምቦልቻ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። እንቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ሲወርድ ፍሬኑን አዳምጡ። መሪው ይንቀጠቀጣል? ዲስኩ ጠምሟል። ወደ አንድ ጎን ይስባል? አንዱ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ይዟል። ፔዳሉ ከላይ ይልቅ ከታች መያዝ ጀመረ? ፍሬን ዘይቱ አርጅቷል፤ እዚያው ቀስ በሉ።

ሲወጣ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ። መርፌው ከግማሽ ሳያልፍ መቆየት አለበት። አራተኛ ማርሽ ላይ ዳገቱን በሙሉ ነዳጅ ሞክሩት። የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጠባብ ጥምዝ ላይ መሪ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ከፊት ጎማ «ቀጭ ቀጭ» ከመጣ የጎማው ዘንግ መገጣጠሚያ አልቋል። ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲገባ ከጮኸ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ሲንክሮናይዘር ነው። ለዚህ ዋጋ አስቀንሱ እንጂ መኪናውን አትሽሹት።

ሲደርስ ሞተሩን ሳታጠፉ አቁሙት። ራዲያተሩ ላይ ያለው ፋን ራሱ ተነስቶ ራሱ መቆም አለበት። ካልተነሳ ዕቃው ትንሽ ነው፣ የሚያስከትለው መዘዝ ግን ትልቅ።

6. የመጀመሪያው ወር

ሻጩ «ሰርቪስ አሁን ነው ያስደረግኩት» ይላል። እሺ በሉትና ሁሉንም ራሳችሁ እንደ አዲስ ጀምሩ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ የቤንዚን ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የካምቢዮ ዘይት። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር መዝግቡ።

ዘይቱ ላይ አልጨቃጨቅም፤ 10ደብልዩ-40 ለደሴ ብርድም ለኮምቦልቻ ሙቀትም ይሆናል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩት። ለካምቢዮው 75ደብልዩ-90። የቤንዚን ፊልትሮውን አትናቁ። ሰልፍ ሲረዝም ሰው በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል፤ በጀሪካኑ ሥር ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። እኔ በጀሪካን ከመግዛት መኪናውን ማቆም እመርጣለሁ።

ታይሚንግ ቺንጊያው ላይ እንምጣ። የሚቀየረው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ነው። ግን ላስቲክ ነውና በዕድሜም ያረጃል። መቼ እንደተቀየረ ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። 7ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤስ-ኤፍኢ ላይ ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል፣ ትጎተታላችሁ፣ አዲስ ታስራላችሁ፣ አለቀ። 3ኤስ-ጂኢ ላይ ግን ፒስተኑ ቫልቮቹን ይመታል። ከዚያ ቴስታታ ማውረድ፣ ቶርኖ ቤት መመላለስ፣ ቫልቭ ፍለጋ ነው። ይቅር አይልም ያልኩት ይሄን ነው።

ሲቀየር መወጠሪያ ኩሽኔታዎቹና የፊት ዘይት ማገጃዎቹ አብረው ይቀየሩ። በ5ኤስ እና በ3ኤስ ላይ የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው ይኸው ቺንጊያ ስለሆነ ፓምፑንም አብራችሁ ቀይሩ። በ7ኤ ላይ ፓምፑ በውጭው ቺንጊያ ስለሚዞር ካላፈሰሰ ሊቆይ ይችላል።

7. ውሃው

እዚህ አገር ከአደጋ ቀጥሎ ብዙ ሞተር የገደለው ሙቀት ሳይሆን አይቀርም።

ደሴ ላይ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃው በ92 ይፈላል፣ እናንተ ደግሞ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ኮፈን ከፍታችሁ ትቆማላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ግዢ አዲስ ክዳን ነው። በዋጋ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ካለ 0.9 ግዙ፤ «ጠንከር ያለ ይሻላል» ብላችሁ ከፍ ያለ አትግጠሙ፣ አሮጌው ራዲያተር ይፈነዳል።

ሁለተኛ፣ የቧንቧ ውሃ ይቁም። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ ሙሉ። የቧንቧ ውሃ ደለል ያስቀምጣል፣ አልሙኒየሙንም ይበላል። ከዚያ በፊት አሮጌውን አስወግዱ፤ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ እጠቡ። የካቢን ማሞቂያውን ክፍት አድርጋችሁ ሙሉ፣ አለዚያ አየር ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ቴርሞስታት፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይዞር የሚያግደው። «አውጥተን እንጣለው፣ ይቀዘቅዛል» የሚል መካኒክ ሁልጊዜ አለ። ጋሼ ብላችሁ አክብሩት፣ ግን አትስሙት። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በደሴ ብርድ የሚገባው ሙቀት ላይ አይደርስም። የሞተሩ ኮምፒውተር ገና አልሞቀም ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፋሻው ያልቃል። የማቀዝቀዝ ችግር ካለ ምክንያቱ ራዲያተሩ፣ ፋኑ ወይም ፓምፑ ነው።

ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥላችሁ መፈተን ትችላላችሁ። 82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው ግን 95 ላይ ነው፤ የደሴ ውሃ ደግሞ እዚያ ሳይደርስ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ በግማሽ ቢከፈት ጤነኛ ነው። ጭራሽ ካልተከፈተ ወይም ቀዝቅዞ ካልተዘጋ ጣሉት።

የሙቀት መርፌው ድንገት ከወጣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ አቁሙ። ክዳኑን ግን ሞተሩ በእጅ እስኪነካ ድረስ አትንኩት። በሞቀ ራዲያተር ፊቱ የተቃጠለ ሰው በየጋራዡ አይጠፋም።

8. ፍሬኑ

ሴሊካ ከኮሮላ ይልቅ ዝቅ ያለ ነው፣ መንገድ ይይዛል፣ ስለዚህ ሳታስቡት ትፈጥናላችሁ። ሐረጎ ላይ ደግሞ ከፊታችሁ የጂቡቲ ጭነት የያዘ ተሳቢ አለ።

ከሞተሩ ጀርባ ያለው ክቡ ቆርቆሮ፣ ሰርቮ የሚባለው፣ እግራችሁን የሚያግዘው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጥረው ዝቅተኛ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። የውጭው አየር ሲሳሳ እገዛው ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ አበባም ሆነ ደሴ ላይ ፍሬኑ ጅቡቲ ላይ ካለው ጠንከር ብሎ ቢሰማችሁ ብልሽት አይደለም። ብልሽት መሆኑን የምትለዩት እንዲህ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ ፔዳሉ እስኪደርቅ ደጋግማችሁ እርገጡ፣ እንደረገጣችሁ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ወደ ታች ከሰመጠ ሰርቮው ይሠራል። ካልሰመጠ መጀመሪያ ከሞተሩ ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ጎማ ቱቦ እዩ። ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ ቱቦ ነው፣ ሰው ግን ሰርቮ ይገዛል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 155 ይወርዳል። በቁልቁለት ካሊፐሩ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ይሄ ማስፈራሪያ ሳይሆን ፊዚክስ ነው። በየሁለት ዓመቱ፣ ሐረጎን ከዘወተራችሁ በየዓመቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሩት። ታሽጎ የመጣ እንጂ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ ተከፍቶ የከረመ ጣሳ አትቀበሉ።

ከፍሬኑ መስመር አየር ሲወጣ ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው የፍሬን ፓምፕ) ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፦ የቀኝ ኋላ፣ የግራ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ፊት። ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ። ማስተሩ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ በመሃል እንዳይጎድል አንድ ሰው ይጠብቀው።

የፍሬን ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ለውጡ። ዲስኩን በቶርኖ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ዲስኩ ላይ የተጻፈ ዝቅተኛ ውፍረት አለ። ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል። የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ደግሞ ተጠርገው ለፍሬን የተሠራ ቅባት ይቀቡ፤ ተራ ግራሶ ላስቲኩን ያሳብጠዋል።

አነዳዱም የጥገናው ክፍል ነው። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) አትውረዱ። ቤንዚን ይቆጥባል የሚለው ወሬ ለካርቡራተር ዘመንም አጠራጣሪ ነበር። በእነዚህ ሞተሮች ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በሦስተኛ፣ ጠባቡ ላይ በሁለተኛ ውረዱ። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ያዙና ልቀቁ፤ ቀስ አድርጎ እየያዙ መውረድ ነው የሚያግለው።

9. የቼክ መብራት ሲበራ

ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ከመፈለጋችሁ በፊት ኮፈኑ ውስጥ «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለባትን ጥቁር ሳጥን ክፈቱ። ክዳኑ ውስጥ ስሞቹ ተጽፈዋል። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። የቼክ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ካለ ችግር አልተመዘገበም። ሁለት ጊዜ ብሎ አረፍ ብሎ አንድ ከሆነ 21 ነው፦ የጭስ ማውጫው ኦክስጅን ሴንሰር። 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 31 የአየር መለኪያው፣ 41 የነዳጅ ፔዳሉ ቦታ ሴንሰር። ለአሜሪካ ገበያ በፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ የተሠሩት ግን የስካነር መሰኪያ አላቸው።

ሌላ ቀዳዳ በስህተት አታገናኙ። ክዳኑን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

10. ዳገት፣ ኮብልስቶን፣ ጎማ

መኪናውን ዝቅ አታድርጉት። ሞላ ቆርጦ ዝቅ ማድረግ ለፎቶ ያምራል፣ ደሴ ላይ ግን የዘይት ገንዳውን ለጉብታ መስጠት ነው። ይልቅ ከሥሩ የብረት መከላከያ አሠሩ። በያጁ ዘይት ማፍሰሻው ጋ ቀዳዳ እንዲተው ንገሩት፣ አለዚያ በየሰርቪሱ ሙሉውን ትፈታላችሁ። ጉብታ በሰያፍ እለፉ።

ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ተንጠልጥላችሁ አትቁሙ። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ስትነሱ ልቀቁ። አዲስ ፍሪሲዮን በአንድ ክረምት የሚያልቀው በዚህ ነው።

ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 2319 ከሆነ በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ከስድስት ዓመት ያለፈ ጎማ በክረምት አስፋልት ላይ አይታመንም። ጎሚስታው «አዲስ ነው» ሲል ቁጥሩን አንብቡለት።

11. ዕቃና መካኒክ

«የሴሊካ ዕቃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ወይ የለም ትባላላችሁ፣ ወይ ዋጋው ይወጣል። የሞተሩን ስም ይዛችሁ ሂዱ። ለ7ኤ-ኤፍኢ የኮሮላና የካሪና ኢ ዕቃ ይሠራል። ለ5ኤስ-ኤፍኢ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ካምሪ። የመጀመሪያው ራቭ4 ሞተርም የ3ኤስ ዘመድ ነው። አሮጌውን ፈትታችሁ በእጃችሁ ይዛችሁ አወዳድሩ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ጥርሱ የሚለያይ ብዙ ነው።

መካኒክ ስትመርጡ ቶዮታ የሚያውቅ አንድ ሰው ያዙ፣ አትቀያይሩ። የወለቀውን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ አምጣ በሉት። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም።

12. ክረምትና ረጅም መንገድ

ሐምሌ ሳይገባ ከመስታወቱ ሥር ያለውን ፍርግርግ ከቅጠል አጽዱ። የበሮቹን የታች ውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። የእኛ አገር ዝገት ከጨው አይመጣም፣ ከቆመ ውሃ ነው የሚመጣው። ከገራዶ ወይም ከኩታበር በኩል ጭቃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ሥሩን በዚያው ቀን እጠቡት። የጉም መብራት ከሌላችሁ ቢያንስ የፊቱ መብራት ፕላስቲክ ይወልወል፤ ቢጫ ከሆነ ለጦሳ ጉም አይበቃም።

ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ ከወረዳችሁ አየሩ ይወፍራል፣ ይሞቃልም። ደሴ ላይ ጸጥ ያለ ሞተር እዚያ በዳገት ሲጫን እንደ ጠጠር ሊንኳኳ ይችላል። ነዳጁ ቀድሞ እየተቀጣጠለ ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ፔዳሉን አቅልሉ። ከቀጠለ ማቀጣጠያ ሰዓቱን አስለኩ፤ 7ኤም 5ኤስም ቲኢ1 እና ኢ1 ተገናኝተው 10 ዲግሪ ላይ ነው የሚታሰሩት።

አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይኑሩ፦ የውጭው ቺንጊያ፣ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ከነማሰሪያው፣ የተቀላቀለ ኩላንት፣ አንድ ሊትር ዘይት፣ የፊውዝ ስብስብ፣ ክሪክ፣ የጎማው ቁልፍ። ተለዋጩ ጎማ አየር እንዳለው ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። የቸርኬውን ቡሎኖችም አንድ ጊዜ ቤታችሁ ፈትታችሁ አጥብቁ፤ ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀው ቡሎን መንገድ ላይ በእጅ ቁልፍ አይፈታም።